ደረቅ ቅጠልም ልኬት ነው

በሳይንስ ፋኩልቲዎች ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ አንድ ቀልድ አለ። ፊዚክስ ይለካል፣ ሌላው ሳይንስ ሁሉ ግን ቴምብር ይሰበስባል የሚል ነው። አባባሉ የአቶም እምብርትን ላገኙት ለኧርነስት ራዘርፎርድ ይሰጣል፤ ከእርሳቸው ሰማን ያሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው በጽሑፍ ያስተላለፉት። ታሪክ ግን ቀልዱን በቀልድ መልሷል፤ ራዘርፎርድ በ1908 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የተሸለሙት በኬሚስትሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር ነው። ስለ ዕፅዋት ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ «አንተን ምን አገባህ?» የሚል የሥራ ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። በሄርባሪየም መደርደሪያ ላይ በወረቀት ተለጥፎ የተቀመጠ ደረቅ ቅጠል፣ ከነመግለጫው፣ ልኬት ነው። ልኬት ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ልኬት መሣሪያ አለው፣ የስሕተት ወሰን አለው፣ መሣሪያው ያልደረሰበት ሥፍራም አለው። ይህን ሳንጠይቅ ነጥቦቹን በካርታ ላይ በትነን «ተክሉ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም» የምንል ከሆነ ቀልዱ እውነት ይሆንብናል።

ለዚህ ክርክር ምሳሌ አድርጌ የመረጥሁት ሩቅ አገር የሚገኝ ተክል ነው፤ በካሊፎርኒያ በረሃማ ፓርኮች የሚበቅለውና በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሎኮዊድ የሚባለው የዱር ተክል። ምሳሌው ሩቅ የሆነበት ምክንያት አለው። የዚህ ተክል የናሙና መዝገብ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ነው፤ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገቡ ሰዎችን እንዴት እንዳሳሳተና እንዴት እንደታረመ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመከተል ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት እንበል። ሎኮ በስፓኒሽ ቋንቋ እብድ ማለት ነው። ስያሜው የወጣው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ከብትና ፈረስ ከሚያረቡ ሰዎች ነው። አስትራጋለስ እና ኦክሲትሮፒስ ከሚባሉት ሁለት ወገኖች የሆኑ አንዳንድ ተክሎችን ለሳምንታት የበላ ፈረስ ይደነብራል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ርቀት መገመት ይሳነዋል፣ ከመንጋው ይለያል፤ ሥጋውም እያለቀ ይሄዳል። አስትራጋለስ ከአተርና ከባቄላ ቤተሰብ ነው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት፣ አበባ ከሚያወጡ ተክሎች ወገኖች ሁሉ በዝርያ ብዛት ቀዳሚ የሆነ ትልቅ ወገን ነው። ሁሉም መርዛማ አይደሉም። ገበሬው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ከብቱ ከታመመበት ሰው ዝርያ ለይ ብሎ መጠየቅም አግባብ አይደለም።

ለእኛ አገር አንባቢ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ መርዝ እንግዳ አይደለም። በድርቅ ዘመን ጓያን አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ገበሬዎቻችን ሳይንስ ከመድረሱ በፊት ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የጓያን መርዝ የሚሠራው ራሱ ተክሉ ሲሆን የሎኮዊድን መርዝ የሚሠራው ግን በተክሉ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ፈንገስ ነው። መርዙ ስዌንሶኒን ይባላል። በ1979 በአውስትራሊያ ከሚበቅል ስዌንሶና ከሚባል ተክል ተለይቶ ወጣ፤ በ1982 ደግሞ በሎኮዊድ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። በሕዋስ ውስጥ የስኳር ቁርጥራጮችን የሚፈጭ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ስዌንሶኒን ይህን ኢንዛይም ያግዳል። ያልተፈጨው ስኳር በሕዋሱ ውስጥ፣ በተለይም በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ፣ ይከማቻል። እብደት የተባለው ነገር እንግዲህ ቆሻሻው ያልተጠረገለት ሕዋስ ምልክት ነው። ፈንገሱ የታወቀው ከመርዙ ሃያ ዓመታት ያህል ዘግይቶ በ2003 ነው። በተክሉ ላይ አንዳች የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ከእናት ተክል ወደ ልጅ የሚተላለፈውም በዘር ሽፋን አማካይነት ነው። ተመራማሪዎች የዘሩን ሽፋን ገፍፈው ጽንሱን ብቻ ሲያበቅሉት ፈንገስም መርዝም የሌለበት ተክል አገኙ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ በፊዚክስ ላቦራቶሪም በየቀኑ አይገኝም።

ከርዕሴ ሳልርቅ ለፊዚክስ ተማሪዎች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ከአስትራጋለስ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ሴሊኒየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር እየመጠጡ ያከማቻሉ፤ ሴሊኒየም ካልበዛበት ሥፍራ አይበቅሉም። በኮሎራዶ አምባ ሴሊኒየም ከዩራኒየም ማዕድን ጋር አብሮ ስለሚገኝ ሔለን ካነን የተባሉ የአሜሪካ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ተመራማሪ በ1950ዎቹ እነዚህን ተክሎች እየተከተሉ ዩራኒየም የሚፈለግበትን ዘዴ አዘጋጅተው አሳተሙ። የአቶም ዘመን ነዳጅ በአረም ተፈለገ ማለት ነው።

አሁን ወደ በረሃው እንሂድ። ጆሹዋ ትሪ የሚባለው ፓርክ በደቡብ ካሊፎርኒያ ይገኛል። በ1936 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተከለለ፤ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስፋቱ ከ3,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በከፍታ የሚለያዩ ሁለት በረሃዎች፣ ሞሃቪና ኮሎራዶ፣ የሚገናኙት እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። ዝናቡ ጥቂት ብቻ ሳይሆን ዘመን የሚመርጥ ነው፤ ለዓመታት ይጠፋና እንደ 1998 ወይም እንደ 2005 ባለ ዓመት በረሃው በአበባ ይሸፈናል። በዚህ አካባቢ ከሚበቅሉት ሎኮዊዶች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ አስትራጋለስ ሌንቲጂኖሰስ ይባላል፤ ፍሬው ጠቃጠቆ ስላለበት የወጣለት ስም ነው። እርሱ ብቻውን 40 የሚጠጉ ንዑሳን ዝርያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ሸለቆ ወይም የራሱን የአሸዋ ክምር የያዘ ይመስላል። ሌላው ዘመድ አስትራጋለስ ትራይካሪናተስ ነው፤ ፍሬው ሦስት ጠርዝ ስላለው ባለሦስት ጠርዝ ልንለው እንችላለን። ስሙን የሰጡት በ1876 አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤሳ ግሬይ ናቸው። የሚገኘው በአብዛኛው በፓርኩ ጥግና ከፓርኩ በስተምዕራብ ባሉ ጥቂት ሸለቆዎች ነው። በ1998 የአሜሪካ መንግሥት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተክሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ለመሆኑ የናሙና መዝገብ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰብሳቢ ተክሉን ከነሥሩ ወይም ቅርንጫፉን ቆርጦ በወረቀት መካከል አስገብቶ ይጫነዋል፤ ሲደርቅ በወፍራም ሉህ ላይ ይለጥፈዋል፤ በሉሁ ግርጌ መግለጫ ይጽፋል። የሰብሳቢው ስም፣ የሰብሳቢው ተራ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሥፍራው፣ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የአበባው ቀለም፣ አብረው የተገኙ ተክሎች። የአበባው ቀለም የሚጻፈው ሲደርቅ ስለሚጠፋ ነው። ይህ ሁሉ ከላቦራቶሪ ደብተር የሚለየው ምኑ ላይ ነው? በእኔ እምነት በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ ከደብተሩ ጋር የተለካው ነገር ራሱ አብሮ ተቀምጧል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች የለካነውን ኤሌክትሮን በሳጥን አስቀምጠን ለልጅ ልጆቻችን ማስተላለፍ አንችልም። ሄርባሪየም ይችላል።

ሆኖም መግለጫው የስሕተት ወሰን አይጻፍበትም። የዶክትሬት አማካሪዬ የስሕተት ወሰን የሌለውን ቁጥር የማንም ተማሪ ይሁን በቀይ ብዕር ከብበው ነበር የሚመልሱት፤ በ1920ዎቹ የተጻፈ የበረሃ መግለጫ ቢያጋጥማቸው ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ለምሳሌ ያህል «ከምንጩ በስተምሥራቅ አምስት ማይል» የሚል መግለጫ አለ እንበል። አምስት ማይሉ በመንገዱ ጥምዝ ነው ወይስ በቀጥታ? ምሥራቅ ሲል ልክ 90 ዲግሪ ማለቱ ነው ወይስ ሰሜን ወይም ደቡብ አይደለም ማለቱ ብቻ? አቅጣጫው በ20 ዲግሪ ቢዛነፍ ከ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ወደ ጎን ያስታል። በሜዳ ላይ ይህ ቁም ነገር አይሆንም ይሆናል፤ ተራራና ሸለቆ በተቆራረጠበት በረሃ ግን ከአሸዋ ወደ ዐለት፣ ከአንድ ንዑስ ዝርያ ግዛት ወደ ሌላው ያሻግራል። ዛሬ የድሮ መግለጫዎችን ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚለውጡ ባለሙያዎች ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን ራዲየስ ጭምር እንዲጽፉ የሚያስችል ዘዴ አላቸው፤ በ2004 በዝርዝር ታትሞ በሰፊው ይሠራበታል። የሚያሳዝነው ተማሪው ካርታ ሲሠራ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ወስዶ የራዲየሱን ዓምድ መጣሉ ነው። ኮምፒዩተሩም ነጥቡን በስድስት የአስርዮሽ አሃዝ ጠንቁሎ ያሳየዋል፤ ስድስተኛው አሃዝ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው! በ1920ዎቹ በበቅሎ የሄደ ሰው ያን ያህል አልለካም።

ጂፒኤስ መጣና ችግሩ ተወገደ የሚል ይኖራል። አልተወገደም፤ መልኩን ለወጠ። እስከ ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበረ አንድ ሰው የሚያገኘው ነጥብ እስከ መቶ ሜትር ሊስት ይችል ነበር። ስለዚህ በ1996 በጂፒኤስ የተጻፈና በ2006 በጂፒኤስ የተጻፈ ነጥብ እኩል አይታመኑም። ይህ ብቻም አይደለም። ምድር ፍጹም ሉል ስላልሆነች እያንዳንዱ ካርታ የሚመሠረትበት የራሱ መነሻ፣ ዳተም የሚባለው፣ አለው። በአሜሪካ የቆዩ ካርታዎች በ1927 መነሻ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ግን በሌላ መነሻ ነው። አንዱን በሌላው ማንበብ በካሊፎርኒያ ከሰማንያ ሜትር ያላነሰ ልዩነት ያመጣል። በአገራችን የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳን የተባለው መነሻ ከጂፒኤሱ ጋር ያለው ልዩነት ከዚህም ይበልጣል። መግለጫው ላይ መነሻው ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን ግማሽ ቁጥር ነው። (የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ባይታረምበት ኖሮ በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድም ነበር፤ በርቀት ሲሰላ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስሕተት ነው። ሎኮዊድ የሚሰበስብ ሰው ሳያውቀው በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እየተመራ ይሄዳል።)

እስካሁን ያነሣሁት ስሕተት ነጥቡ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ነጥቡ ፍጹም ትክክል ሆኖ መደምደሚያው ሲሳሳት ነው። የባለሦስት ጠርዙ ታሪክ ይህን ያሳያል።

ከ1876 ጀምሮ ለመቶ ዓመት በላይ ይህ ተክል የተሰበሰበው በአብዛኛው በደረቅ ወንዞች አሸዋማ መውረጃ ላይ ነበር። መግለጫዎቹ ሁሉ ይስማማሉ፤ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የወንዝ ዳር። ሰብሳቢዎቹም የታወቁና ጥንቁቅ ነበሩ። መጻሕፍትም ይህንኑ ተከትለው የተክሉ መኖሪያ ደረቅ ወንዝ ነው ብለው ጻፉ። ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበረ፤ በአንድ ዓመት በወንዙ ውስጥ የታየ ተክል ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ የሚገኘውም በጣት የሚቆጠር ነው። ለመጥፋት የተቃረበ መሰለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ተመራማሪዎች ከወንዙ ወጥተው በላይኛው ተዳፋት ላይ፣ ድንጋዩ በሚንሸራተትበት፣ ሰው እግሩን ለማሳረፍ በሚቸገርበት ገመገም ላይ ወጡ። ተክሉ እዚያ ነበር፤ በብዛት፣ በደህና ሁኔታ። በወንዙ ውስጥ ሲታዩ የኖሩት ጎርፍ ዘራቸውን ከላይ አጥቦ ያመጣቸው እንግዶች ነበሩ። መኖሪያ የተባለው ሥፍራ የሚሞቱበት ሥፍራ ነበር ለማለት ይቻላል።

እያንዳንዱ መግለጫ እውነት ተናግሯል። የተሳሳተው ሁሉንም ደምረን ያነበብነው ንባብ ነው። ምክንያቱም መዝገቡ ተክሉ የሚኖርበትን አልመዘገበም፤ ተክሉና ሰው የተገናኙበትን ነው የመዘገበው። በበረሃ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ወንዝ መንገድ ነው፤ በእግርም በመኪናም የሚኬደው በእርሱ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን በራሱ ቋንቋ ሊረዳው ይችላል። ሰብሳቢው ዲቴክተር ነው። ማንኛውም ዲቴክተር የሚያይበት ማዕዘንና የመለየት ብቃት አለው። የጋይገር ቆጣሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ዜሮ ቢያነብ፣ ቆጣሪው ተከፍቶ ለስንት ደቂቃ እንደቆየ እስካልታወቀ ድረስ፣ ዜሮው ውጤት አይደለም። የሄርባሪየም መዝገብ የተገኘውን ብቻ ይጽፋል፤ ሰብሳቢው የት የት ሄዶ እንዳጣው አይጽፍም። እናም በካርታው ላይ ያለው ባዶ ሥፍራ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያሳያል፤ ተፈልጎ የታጣበትና ማንም ያልደረሰበት። በበረሃው ዝናብ ምክንያት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። የነዚህ ተክሎች ዘር ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰብሳቢው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ በትክክል ፈልጎ፣ ተክሉ ግን በዚያ ዓመት ከአፈር በታች በዘር መልክ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ባዶውን ያልጠረጠረ ካርታ ሠሪ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋው ምንድን ነው? በጆሹዋ ትሪ ፓርክ አቅራቢያ ባለው በረሃ በ2015 ተመርቆ የተከፈተ 550 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ አለ፤ በዚያው በረሃ ሌሎችም ተከትለዋል። የፀሐይን ኃይል የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ክፍል ውስጥም ስለ እርሱ አስተምራለሁ። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ ሲመረጥ በቅድሚያ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የናሙና መዝገብ ካርታ ነው። ነጥብ የበዛበት ሥፍራ ይጠበቃል፤ ነጥብ የሌለበት ነጻ መሬት ይመስላል። ነጥብ የሚበዛው ደግሞ ለመንገድ በሚቀርብ ሥፍራ ነው። ማንም ያልረገጠው ሥፍራ ባለመረገጡ ምክንያት ቀድሞ ሊታረስ ይችላል ማለት ነው። በባለሦስት ጠርዙ ላይ ስሕተቱ በሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ጥበቃው ዓይኑን የጣለው በወንዙ ላይ ሳለ ዋናው ሕዝብ ከላይ ሳይታወቅ ኖረ።

አንዳንድ ወገኖች ከዚህ ተነሥተው መዝገቡ የማይታመን ከሆነ ምን ያደርጋል ሊሉ ይችላሉ። በዚህ አልስማማም። መዝገቡ የታረመው በመዝገቡ ነው። «አሸዋማ ወንዝ» የሚለው ቃል በየመግለጫው ባይጻፍ ኖሮ እንቆቅልሹ ራሱ አይታወቅም ነበር። የሎኮዊዶችን ምስቅልቅል ያጠሩት ሩፐርት ባርነቢ የሠሩትን እንመልከት። ባርነቢ በካምብሪጅ የተማሩት ታሪክና ቋንቋ ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አልነበራቸውም። ለዓመታት በየበረሃው እየዞሩ ሰበሰቡ፤ በየሄርባሪየሙም የሌሎችን ሉሆች አንድ በአንድ አገላበጡ፤ በ1964 በኒውዮርክ ዕፅዋት አትክልት ቦታ በኩል የሰሜን አሜሪካ አስትራጋለስን ሁሉ የያዘ ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ ሥራ አሳተሙ። ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ያን ሊሠሩ የቻሉት የቀደሙት ሰዎች ሉሁን ስላልጣሉት ነው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በዚህ ዘመን ሉሁ በዲጂታል ካሜራ ተነሥቶ፣ መግለጫው በመረጃ ቋት ውስጥ ገብቶ በኢንተርኔት ይገኛል። ትልቅ እመርታ ነው፤ በአዲስ አበባ ወይም በጅማ የተቀመጠ ተማሪ የካሊፎርኒያን ሎኮዊድ እንዲያይ ያስቻለው ይህ ነው። ነገር ግን «ምስሉ ካለን ሉሁ ለምን ቦታ ይይዛል?» የሚል የአስተዳደር ጥያቄ አብሮ መጣ። በየካቲት 2024 በአሜሪካ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ800,000 በላይ ናሙናዎች የያዘውን ሄርባሪየሙን እንደሚዘጋና ስብስቡን ወደ ሌላ ሥፍራ እንደሚያዛውር ማስታወቁ የብዙ ሳይንቲስቶችን ተቃውሞ ቀስቅሷል። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ካሰበ ደሀው ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ምስሉ ሉሁን አይተካም የምለው በስሜት አይደለም። በ2016 የታተመ ጥናት ከሄርባሪየም ሉሆች ላይ ጥቂት ቅጠል እየተወሰደ የትኞቹ የአስትራጋለስና የኦክሲትሮፒስ ዝርያዎች ስዌንሶኒን እንዳለባቸው አጣርቷል። ከሉሆቹ መካከል ሰብሳቢዎቹ ስለ ስዌንሶኒን ስሙን እንኳ ባልሰሙበት ዘመን የተሰበሰቡ ነበሩ። ስለ ፈንገሱማ ማንም አልጠረጠረም። ሰብሳቢው ያልጠየቀውን ጥያቄ ቅጠሉ መለሰ። በ1987 እንግሊዛዊው ዉድዋርድ ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በተሰበሰቡ የዛፍ ቅጠሎች ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳዎችን ቆጥረው ቁጥራቸው 40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳዩ፤ በአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመሩን ቅጠሎቹ መዝግበውት ኖሯል። ለፊዚክስ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚጥመው የሚከተለው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ በተፈነዱ የኑክሌር ቦምቦች ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በ1963 አካባቢ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ደረሰ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ቀነሰ። ስለዚህ በ1930 ተሰበሰበ የተባለ ቅጠል በእርግጥ ከቦምቡ ዘመን በፊት መብቀሉን በካርቦን 14 ለመመርመር ይቻላል። መግለጫው ቢዋሽ ቅጠሉ ይመሰክርበታል። ፎቶግራፉ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ይላል፤ በፎቶግራፍ ውስጥ ካርቦን 14 የለም።

ሉሁ አንድ ብቻ መሆን የለበትም የሚለውን ደግሞ የእኛው አገር ታሪክ ያስተምረናል። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1878 በዐድዋ እስኪሞቱ ድረስ በትግራይና በአካባቢው ዕፅዋት ሰበሰቡ። ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ቅጂ ወስደው ወደ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ሄርባሪየሞች ላኩ። በመጋቢት 1943 የበርሊን ሄርባሪየም በጦርነቱ ድብደባ ሲቃጠል በዚያ የነበረው ስብስብ አብዛኛው ጠፋ። የሺምፐር ተክሎች ግን በፓሪስ፣ በለንደን አጠገብ ባለው በኪውና በሌሎችም ሥፍራዎች ቅጂ ስለነበራቸው ተረፉ። ልኬትን መደጋገም ያልነው ነገር በዕፅዋት ቋንቋ ሲነገር ይህ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 ተቋቋመ። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በተሠራ ታላቅ ሥራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተጠናቀው ታትመዋል፤ የአተርና የባቄላ ቤተሰብ በ1989 በወጣው ሦስተኛው ቅጽ ይገኛል። ይህን የመሰለ መሠረት ያለው አገር በአፍሪካ ብዙ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት ወደ መስክ የሚወጣ ተማሪ ግን ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ መግለጫውን «ከመንገዱ ዳር» ብሎ ጽፎ ይመለሳል። የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች በአንድ ግቢ እየኖሩ በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ አለመገናኘታቸው ለዚህ አስተዋፅዖ ያለው ይመስለኛል። ስለ ስሕተት ወሰን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምናስተምረው በፔንዱለምና በቨርኒየር ካሊፐር ነው፤ በአንድ ቀን የመስክ ጉዞ ብናስተምረው ማንም አይጎዳም።

የአስትራጋለስ ወገን በእኛም ደጋ አለ፤ አስትራጋለስ አትሮፒሎሱለስ የሚባለው ዝርያ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይበቅላል። ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ ወደ ሄርባሪየሙ ሄዶ የዚህን ተክል ሉሆች እንዲያሳዩት ይጠይቅ። የእያንዳንዱን ሰብሳቢ መንገድ በካርታ ላይ ያስምር፤ ነጥቦቹ መንገዱን ይከተሉ ወይስ ተክሉን፣ በዓይኑ ይይ። ከዚያ ጂፒኤስና ደብተር ይዞ ይውጣ፤ የጂፒኤሱን መነሻ በመግለጫው ላይ ይጻፍ፤ ከመንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይራቅ፤ በደብተሩም ላይ ተክሉን ያገኘበትን ሥፍራ በአንድ ገጽ፣ ፈልጎ ያጣበትን ሥፍራ ከነሰዓቱ በሌላ ገጽ ያስፍር።